አንድ ቆጣሪ፣ ስድስት ቤት፦ የመብራት ድጎማ ለአከራይ ይደርሳል ወይ?

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ከምኖርበት ቤት ጀርባ አምስት ሰርቪስ ቤቶች አከራያለሁ። በግቢው ያለው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ተከራይ ለመብራት በወር 200 ብር፣ ምጣድ ያለው ከሆነ ደግሞ 100 ብር ጨምሬ እቀበላለሁ። ለንደን የሚኖረው ልጄ በእነርሱ አገር መንግሥት ለቤቶች የመብራት ድጎማ መስጠቱን፣ አከራዮችም ማግኘታቸውን ነግሮኛል። በእኛስ አገር ለአከራይ የሚሰጥ ተመላሽ ወይም ቅናሽ አለ? ውኃው በደጃችን እየፈሰሰ፣ ግድቡም ተመርቆ፣ ሒሳቡ ስለ ምን ይጨምራል? ከተከራዮቼ የምቀበለውስ ትክክል ነው? ጡረተኛ መምህርት ነኝ፤ ሰው መበደል አልፈልግም።»

ምላሽ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ጥያቄዎ ሦስት ቢመስልም መልሱ የሚገኘው አንድ ቦታ ላይ፣ ግድግዳዎ ላይ ከተሰቀለው ቆጣሪ ላይ ነው። በአገራችን የመኖሪያ ቤት አከራይ በመሆንዎ ብቻ ማመልከቻ ጽፈው የሚጠይቁት የመብራት ወጪ ተመላሽ የለም። የመንግሥት ድጎማ ግን አለ፤ እሱም በታሪፉ ውስጥ ተካቶ በየወሩ በየቆጣሪው ይመጣል። ቆጣሪው በስተጀርባው አንድ ቤተሰብ ይኑር ስድስት አያውቅም። ስለዚህ ለስድስት ቤት ሊደርስ የሚገባው ድጎማ ወደ እርስዎ ግቢ የሚገባው የአንድ ቤት ያህል ሆኖ ነው። የሒሳብዎ ክብደት አንዱ ምክንያት፣ በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት፣ ይኸው ነው።

አስቀድሜ የልጅዎን ነገር ላንሳ፤ የነገረዎት እውነት ነው፣ ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ተዘልሏል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 እስከ መጋቢት 2023 በነበረው ክረምት የጋዝና የመብራት ዋጋ ጣሪያ ሲነካ ለእያንዳንዱ የቤት መብራት ደንበኛ 400 ፓውንድ በስድስት ወር ተከፋፍሎ ከሒሳቡ እንዲቀነስ አድርጋ ነበር። ውሉ በአከራይ ስም በሆነበት ቤት ገንዘቡ በቅድሚያ የሚደርሰው ለአከራዩ ስለነበር፣ አከራዩ ያገኘውን ድጎማ መብራቱን በእውነት ለሚጠቀመው ተከራይ በተገቢው መጠን እንዲያስተላልፍ የሚያስገድድ ደንብ አብሮ ወጣ። በአሜሪካም በ2022 የወጣው ሕግ የቤት ዕቃና የሙቀት መሣሪያ ለሚቀይሩ የመደበው ተመላሽ የሚከራዩ ሕንፃዎችን የሚያካትተው ቢያንስ የግማሾቹ ቤተሰቦች ገቢ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ሲሆን ነው። እንግዲህ በእነዚያ አገሮችም አከራዩ መተላለፊያ ሆኖ ነው የሚታየው። ይህን ያነሣሁት እርስዎ በመጨረሻ ለጠየቁት፣ «የምቀበለው ትክክል ነው ወይ» ላሉት ጥያቄ ስለሚጠቅም ነው።

ወደ እኛ ታሪፍ ልመለስ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300፣ እስከ 400፣ እስከ 500 እያለ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረውና በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የተተገበረው ታሪፍ የመጀመሪያውን እርከን ሳይነካ በ0.2730 ብር ሲተወው፣ በአራተኛው ዓመት ከ500 በላይ ያለውን 2.4810 ብር አድርሶት ነበር። በታችኛውና በላይኛው እርከን መካከል ያለው ልዩነት ዘጠኝ እጥፍ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዋጋው በየሦስት ወሩ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ለአራት ዓመታት እንዲቀጥል ተወስኗል፤ ስለዚህ ዛሬ በእጅዎ ያለው ደረሰኝ ከነዚህ ቁጥሮች ከፍ ያለ ዋጋ ያሳያል። ይሁን እንጂ ለመማሪያ የሚመቸው አሮጌው ታሪፍ ስለሆነ፣ የእርስዎን ግቢ በእሱ ላሰላው፤ ዋጋው ቢለወጥም የስሌቱ ጠባይ አልተለወጠም።

አምስቱ ሰርቪስ ቤቶች እያንዳንዳቸው በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት፣ የእርስዎ ቤት ደግሞ የግቢውን መብራት ጨምሮ 130 ይጠቀማል እንበል። ወርሃዊውን የአገልግሎት ክፍያ ትቼ፣ እያንዳንዱ እርከን በየራሱ ዋጋ ተባዝቶ እንደሚደመር፣ ማለትም ለደንበኛው በሚመቸው ስሌት ልሂድ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው፣ አምስቱ ተከራዮች በድምሩ 61 ብር ከ43 ሳንቲም፣ እርስዎ 100 ብር ከ75 ሳንቲም ትከፍሉ ነበር፤ ጠቅላላው 162 ብር ከ18 ሳንቲም ነው። ያው ፍጆታ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲከማች ግን 355 ኪሎዋት ሰዓት ይሆንና፣ ከ200 በላይ ያለው በ2 ብር፣ ከ300 በላይ ያለው በ2 ብር ከ20 ሳንቲም እየተሰላ 535 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። አንድም አምፖል ሳይጨመር፣ አንድም እንጀራ ትርፍ ሳይጋገር፣ ሒሳቡ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ተከራዩን በተናጠል ካየነው ይብሳል፤ በራሱ ቆጣሪ 12 ብር ከ29 ሳንቲም ይከፍል የነበረው ሰው ድርሻው በአማካይ ዋጋ ሲሰላ 67 ብር ከ88 ሳንቲም ይመጣበታል። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤት እንዲጠቀምበት የታሰበው የመጀመሪያው እርከን አምስት ጊዜ ጠፍቶ አንድ ጊዜ ብቻ ተገኘ።

በዚህ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ቀድሞ የነበረው ሕግ መብራትን ከታክሱ ነፃ ያደርገው ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ከወጣ ወዲህ ግን በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም መኖሪያ ቤት 15 በመቶ ይመለከተዋል። የገደቡ ሐሳብ ብዙ የሚያበራውን፣ ማለትም አቅም ያለውን ቤት ለመድረስ ነው። አንዲት ክፍል ተከራይቶ 45 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ወጣት ከገደቡ ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን የእርስዎ ግቢ ቆጣሪ 355 ስለሚያነብ ታክሱ እሱንም ያገኘዋል።

ስለ ውኃውና ስለ ግድቡ የጠየቁትን ባጭሩ ልለፈው፤ ይህን ጥያቄ በባሕር ዳር ሻይ ቤት ሁሉ ስለምሰማው ግን ጨርሶ አልዘለውም። ጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 11.4 ሜጋዋት ነበር፤ ዛሬ ከጣና በዋሻ ውኃ የሚስበው ጣና በለስ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የሁሉም ኃይል ግን ወደ አንድ ብሔራዊ ቋት ይገባል፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፍም ለጎዴም ለመቀሌም ለባሕር ዳርም አንድ ነው። የኃይል ማመንጫ ጎረቤት መሆን በሕግ የሚያስገኘው የዋጋ ቅናሽ የለም። ሊኖር ይገባል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱም በዚያ ሒሳብ ከሄድን ወንዝ የሌለው አገር በጨለማ ሊቀመጥ ነው። ዋጋው የሚጨምርበት ምክንያት ደግሞ ታሪፉ ለብዙ ዓመታት ኃይሉን ለማመንጨትና ለማድረስ ከሚወጣው ወጪ በታች ሆኖ በመቆየቱ ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ፣ ማለትም ሊያደርጉት ወደሚችሉት እንሂድ። መንግሥት የሚሰጠውን ድጎማ ወደ ግቢዎ በሙሉ የሚያስገባው መንገድ ቆጣሪ መለየት ነው። ብዙ አከራይ ይህን ሲሰማ «ለስድስት ቤት ስድስት ቆጣሪ ከየት ይመጣል» ብሎ ነገሩን ከነጭራሹ ይተወዋል፤ በግማሽ መንገድ መቆምም ብዙ እንደሚያተርፍ ግን ከላይ የያዝነው ምሳሌ ያሳያል። ለአምስቱ ሰርቪስ ቤቶች አንድ ቆጣሪ ብቻ ቢጨምሩ የሰርቪሶቹ ሒሳብ 264 ብር ከ50፣ የእርስዎ 100 ብር ከ75 ሆኖ ጠቅላላው ከ535 ወደ 365 ብር ይወርዳል። ሰርቪሶቹን ሦስትና ሁለት አድርገው በሁለት ቆጣሪ ቢከፍሏቸው ደግሞ ጠቅላላው ወደ 254 ብር ዝቅ ይላል፤ ከዚህም በላይ ሦስቱ ቤቶች 135፣ ሁለቱ 90 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ስለሚያነቡ ሁሉም ከ200 በታች ሆነው የታክሱ ጉዳይ ይቀራል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቆጣሪ የራሱን የአገልግሎት ክፍያና የመጀመሪያውን የማስገቢያ ወጪ ይዞ እንደሚመጣ አይርሱ፤ ስለዚህ በየወሩ የሚተርፈውን ከማስገቢያው ወጪ ጋር አነጻጽረው በስንት ወር እንደሚመለስ ያስሉ። ታሪፉ በየሦስት ወሩ በሚጨምርበት በአሁኑ ጊዜ የሚመለስበት ወቅት እያጠረ ይሄዳል።

ለዚህ የሚያመለክቱት በአካባቢዎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የደንበኞች ማዕከል ነው። የይዞታ ማረጋገጫዎንና መታወቂያዎን፣ እንዲሁም የአሁኑን ቆጣሪ የደንበኛ ቁጥር የያዘ ደረሰኝ ይዘው ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት ግን አንድ ሥራ ይጨርሱ፤ የሰርቪሶቹ መስመር ከዋናው ቤት መስመር ተለይቶ የተዘረጋ መሆኑን በሙያተኛ ያስመርምሩ። በአሮጌ ግቢዎች ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነገር፣ የአንዱ ሰርቪስ አምፖል ከዋናው ቤት ሳሎን፣ የሌላው ሶኬት ደግሞ ከጎረቤቱ ክፍል ተጎትቶ መገኘቱ ነው። እንዲህ ባለ ግቢ አዲስ ቆጣሪ ቢገባም የማን ፍጆታ በማን ላይ እንደሚነበብ አይታወቅም፤ ለመለየት ሲባል ሁሉም መስመር እንደገና ሊዘረጋ ነው። በአጥርዎ በኩል ሱቅ ወይም ጸጉር ቤት ከፍተው ከሆነም ያንን አስቀድመው ይለዩት፤ ንግድ ያለበት ቆጣሪ ከመኖሪያ ቤት ታሪፍ ሊወጣ ስለሚችል፣ አንዲት ትንሽ ሱቅ የስድስት ቤት ድጎማ ልታሳጣ ትችላለች።

ቆጣሪ እስኪለይ ድረስ፣ ወይም ጨርሶ ካልተለየ፣ በየክፍሉ በር ላይ ንዑስ ቆጣሪ ያስገጥሙ። ይህ በኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኘውና የየክፍሉን ፍጆታ ብቻ የሚቆጥረው መሣሪያ ነው። ድጎማውን አይመልስም፣ ታሪፉንም አይለውጥም፤ የሚያደርገው ነገር ሒሳቡን በግልጽ ማከፋፈል ነው። አከፋፈሉም እንዲህ ይሁን፦ ዋናው ቆጣሪ በተነበበበት ቀን የንዑስ ቆጣሪዎቹን ንባብ ሁሉም ባሉበት በደብተር ይጻፉ፤ የደረሰኙን ጠቅላላ ብር ዋናው ቆጣሪ ባነበበው ኪሎዋት ሰዓት ያካፍሉ፤ የተገኘውን አማካይ ዋጋ በየክፍሉ ንባብ ያባዙ። የንዑስ ቆጣሪዎቹ ድምር ከዋናው ሁልጊዜ ጥቂት ያንሳል፤ የግቢው መብራት፣ የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ ካለ እሱ፣ በሽቦው ላይ የሚባክነውም አለ። ይህን ቀሪ እርስዎ ይያዙት ወይም ለስድስት ተካፈሉት፤ የትኛውም ቢሆን አስቀድሞ ተነግሮ ይሁን።

ከዚህ አማካይ ዋጋ በላይ ማስከፈል ግን አይገባም። አንዳንድ ግቢ «ኪሎዋቱ በዚህን ያህል ብር» ተብሎ ከደረሰኙ በላይ የሆነ ዋጋ ተቆርጦ ሲሠራበት አያለሁ። በኢነርጂ አዋጁ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 810/2006፣ ኤሌክትሪክ መሸጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የደረሰኙን ወጪ ከተከራይ ጋር መካፈል አንድ ነገር ነው፤ በላዩ ላይ ትርፍ መያዝ ግን ወደ ሽያጭ የሚጠጋ ነገር ነው።

እርስዎ የሚሠሩበትን የ200 እና የ300 ብር አከፋፈል በዚህ ዓይን ልየው፤ ሊያዝኑብኝ ይችላሉ። አንድ የፔዳ ተማሪ ባለ 10 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት፣ ባለ 60 ዋት ላፕቶፕ እንዲሁ 5 ሰዓት ቢጠቀም፣ ስልክ መሙያውን ጨምሮ በወር 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚያወጣው። 200 ብር ሲከፍልዎ አንዷን ኪሎዋት ሰዓት ከ16 ብር በላይ ገዛት ማለት ነው፤ ደረሰኝዎ ላይ ያለው አማካይ ዋጋ ከዚህ እጅግ ያንሳል። ባለ ምጣዷን ተከራይ ደግሞ እንያት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ፣ ምጣዱ ብቻውን በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ለዚህ የምትጨምረው 100 ብር በኪሎዋት ሰዓት 2 ብር ከ20 ሳንቲም ያህል ነው። እንግዲህ በእርስዎ ግቢ እንጀራ ከሱቅ ገዝቶ የሚበላው ተማሪ ምጣድ ያላትን ጎረቤቱን እየደጎመ ነው። እርስዎ ይህን አስበው እንዳላደረጉት አውቃለሁ፤ የተቆረጠ ዋጋ ባለበት ግቢ ሁሉ ግን ውጤቱ ይኸው ነው።

ምጣድን ጨርሶ መከልከል መፍትሔ የሚመስለው አከራይ ብዙ ነው። እኔ ራሴ የፖሊ (የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ) ተማሪ ሳለሁ የተከራየሁባቸው ሰው ምድጃም ካውያም ከልክለው፣ ይህ አልበቃ ብሎ ማታ በሦስት ሰዓት የሰርቪሱን ፊውዝ ነቅለው ይተኙ ነበር፤ ፈተና ሲደርስ በሻማ አጥንቻለሁ። የዚያን ጊዜውን ቂም ትቼ እንደ ባለሙያ የምናገረው ግን ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ የተከለከለ ተከራይ ወጥ መሥራቱን አይተውም፤ ከአዊ ዞን የሚመጣውን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ገዝቶ በጠባብ ክፍል ያቀጣጥላል፣ በክረምት ዝናብ ደግሞ በርና መስኮት ዘግቶ ያቀጣጥላል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ለጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ሲባል ይህን አደጋ በግቢዎ አያስገቡ።

ምጣድ የሚፈቀደው ግን ሽቦው ሲችለው ነው። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲበራ 32 ነው። ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይህን ተሸክሞ ሲውል ይግላል፣ መሸፈኛው ይቀልጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እሳት ነው። ለምጣድ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚነሣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የምድር ሽቦ ያስፈልገዋል። አምስት ክፍል ውስጥ አምስት እንዲህ ያለ መስመር ከመዘርጋት ይልቅ በግቢው ጥግ አንዲት የምጣድ ቤት ሠርቶ፣ አንድ መስመርና አንድ ንዑስ ቆጣሪ ገጥሞ፣ ተከራዮች በተራ እንዲጋግሩ ማድረግ በወጪም በደኅንነትም ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ምጣድ ከመጀመሪያው እንጀራ በፊት እስኪግል ድረስ ብቻ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ኃይል ይበላል፤ ሦስት ሴቶች በአንድ ቀን ተከታትለው ቢጋግሩ ይህን ማጋያ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላሉ። የእያንዳንዷን ንባብ እየቆሙ በደብተር መጻፍ የለብዎትም፤ ጋጋሪዋ ስትጀምርና ስትጨርስ ቁጥሩን በስልኳ ፎቶ ብታነሣው ይበቃል።

ስለ ውሉም አንድ ነገር ልጨምር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በክልል ከተሞች የሚሠራበት ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ የከተማ አስተዳደሩን የቤቶች ክፍል ጠይቀው ይወቁ። ለመብራት ጉዳይ የሚመለከተን የሁለት ዓመቱ ነገር ነው። ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተለወጠ፣ ውሉ ለሁለት ዓመት የጸና ከሆነ፣ በውሉ ላይ «ለመብራት ይህን ያህል ብር» ብሎ መጻፍ ወይ እርስዎን ወይ ተከራዩን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ስለዚህ በብር ፈንታ አሠራሩን ይጻፉ፤ ለምሳሌ እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «የመብራት ክፍያ ከቤት ኪራይ የተለየ ነው፤ በየወሩ በንዑስ ቆጣሪ ንባብ መሠረት ተሰልቶ ይከፈላል፤ የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ በዚያው ወር ደረሰኝ ላይ ከሚወጣው አማካይ አይበልጥም፤ አከራይ ደረሰኙን ለተከራይ ያሳያል።» ኪራይና መብራት በአንድ ድምር ከተጻፉ ደግሞ፣ የኪራይ ገቢ ግብር የሚጠይቅዎ መሥሪያ ቤት ድምሩን በሙሉ ኪራይ አድርጎ ቢያየው የሚከራከሩበት ወረቀት አይኖርዎትም።

ተከራይ ሒሳብ ሳይከፍል ቢዘገይ መብራቱን ማቋረጥ ይፈቀድ እንደሆነ ብዙዎች ይጠይቁኛል፤ እርስዎ ባይጠይቁም ልመልሰው። በአንድ ቆጣሪ የተሰበሰበ ግቢ ውስጥ በአገልግሎቱ ዘንድ ደንበኛው እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ዕዳው በእርስዎ ላይ ይቆማል፤ ተከራዩ ቢሰወርም የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ለዚህ ዋስትናው ፊውዝ መንቀል ሳይሆን በየወሩ በቀኑ ማንበብና በቀኑ መሰብሰብ ነው። ካርድ ቆጣሪ ባለበት ደግሞ ክፍያው አስቀድሞ ስለሚፈጸም ይህ ጭንቀት ይቀንሳል፤ አዲስ ቆጣሪ ሲያመለክቱ ይህንንም ይጠይቁ።

የቀረው እስካሁን የተቀበሉት ገንዘብ ጉዳይ ነው። የመብራት ክፍያዎን በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ከከፈሉ ያለፉት ወራት ክፍያ ከስልክዎ ወይም ከባንክዎ ይወጣል። በእያንዳንዱ ወር ከአምስቱ ተከራዮች የሰበሰቡትን አንድ ላይ ደምረው፣ የዚያን ወር ሒሳብ አጠገቡ ይጻፉ፤ ከሒሳቡም የራስዎን ቤት ድርሻ ይቀንሱ። የራስዎ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ንዑስ ቆጣሪዎቹን ካስገጠሙ በኋላ የሁለት ወር ንባብ ይጠብቁ፤ ያ መጠን ላለፈው ጊዜም ተቀራራቢ መለኪያ ይሆንዎታል። የሰበሰቡት በልጦ ከተገኘ፣ ያው በልጦ የተገኘው ለሁሉም በእኩል እንዳይመለስ ይጠንቀቁ፤ ምጣድ የሌላቸው ናቸው አብዝተው የከፈሉት። ለእነርሱ ከሚመጡት ወራት የመብራት ሒሳብ ላይ እየቀነሱ፣ በደብተሩ ላይ እያስፈረሙ ይጨርሱት። ለቅቀው የሄዱ ተከራዮች ስልካቸው ካለዎት ይደውሉላቸው፤ ባለ ምጣዷ ላይ ግን ያላስከፈሏትን የኋላ ዕዳ አይጫኑባት፣ የነገሯትን ዋጋ አሟልታ ከፍላለችና።